«በሌዘር እንሥራልዎ» ሲሉዎት፦ ከቀጠሮ እስከ ማገገሚያ የሚያግዝ መመሪያ

በጥርስ ክሊኒኮች ማስታወቂያ ላይ «ሌዘር» የሚለው ቃል መታየት ከጀመረ ሰንብቷል። አንዱ «ያለ ሕመም» ይላል፣ ሌላው «ያለ ደም»፣ ሦስተኛው «በአንድ ቀጠሮ»። ከተስፋው ውስጥ እውነትም አለ፣ የተጋነነም አለ። ሁለቱን ለመለየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሌዘር እንደ መቀስና እንደ መሰርሰሪያ የሐኪሙ መሣሪያ መሆኑን አይርሱ። የሚጠቅምዎት ለሕመምዎ የሚስማማው ዓይነት ተመርጦ፣ በሠለጠነ ሰው እጅ ሲያዝ ነው። የሚከተሉት ሰባት እርምጃዎች የተዘጋጁት ይህን አጣርተው እንዲወስኑ ነው።

1. መጀመሪያ የሕመምዎን ስም ይወቁ

ክሊኒክ ሲገቡ «ሌዘር አላችሁ?» ከማለት በፊት «ምን ሆኜ ነው?» ብለው ይጠይቁ። የሚደማ ድድ ብዙ ጊዜ መነሻው በጥርስ ላይ የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው፤ ስኳር በሽታና እርግዝና ደግሞ ያባብሱታል። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው የሚጠዘጥዝ ጥርስ ሥሩ ተራቁቶ ይሆናል፣ ተቦርቡሮ ይሆናል፣ ወይም ተሰንጥቆ ይሆናል። የሦስቱም ሕክምና ይለያያል። ሐኪሙ አይቶና ነካክቶ፣ ካስፈለገም ራጅ አንስቶ የደረሰበትን እስኪነግርዎት ድረስ ስለ መሣሪያ የሚነጋገሩበት ጊዜ ገና ነው።

እዚህ ላይ በቸልታ የማይታለፍ ነገር አለ። አፍዎ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ በቅርቡ የወጣ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ተፍቆ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ሽፋን፣ አለዚያም እያደገ የሚሄድ እብጠት ካለ፣ ምንነቱ ሳይታወቅ በሌዘር እንዲቃጠል አይፍቀዱ። ሌዘሩ ሥጋውን ሲያተንነው ለላቦራቶሪ መላክ የነበረበት ናሙናም አብሮ ይጠፋል፤ ካንሰር ከነበረም ሳይታወቅ ይቀራል። ናሙናው ይወሰድ፣ ውጤቱ ይምጣ፣ ሕክምናው ከዚያ ይከተል።

2. «የትኛው ሌዘር ነው?» ብለው ይጠይቁ

የሌዘር ብርሃን ከአምፖል ብርሃን የሚለየው አንድ የተወሰነ የሞገድ ርዝመት ስላለው ነው። ርዝመቱ የሚለካው በናኖሜትር ሲሆን፣ ብርሃኑ በምን እንደሚመጠጥ የሚወስነው ይኸው ቁጥር ነው። ጥቁር ልብስ ፀሐይ ላይ ከነጭ ይልቅ እንደሚግል ሁሉ፣ አንዱ ሌዘር በደምና በጥቁር ቀለም ላይ ይበረታል፣ ሌላው በውኃ ላይ። በጥርስ ሕክምና ውስጥ የሚያጋጥሙዎት በዋናነት አራት ናቸው።

ዳዮድ፦ ከ810 እስከ 980 ናኖሜትር አካባቢ ይሠራል። ትንሽና ከሌሎቹ ርካሽ ስለሆነ በብዙ ክሊኒኮች የሚገኘው እሱ ነው። ድድንና ሌላ ለስላሳ ሥጋን ይቆርጣል፤ ጥርስና አጥንት ግን አይቆርጥም።

ኒዮዲሚየም ያግ፦ 1064 ናኖሜትር ነው። ወደ ሥጋ ጠለቅ ብሎ ይገባል፤ ደም በማርጋትና ከታች በምናየው የድድ ኪስ ሕክምና ይታወቃል።

ኤርቢየም፦ በ2780 ወይም በ2940 ናኖሜትር የሚሠራ ሲሆን ብርሃኑን ውኃ አጥብቆ ይመጠዋል። ጥርስን፣ አጥንትንና ድድን መቁረጥ ይችላል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ፦ 10600 ናኖሜትር ያለው የቆየው ዓይነት ድድን ደም ሳያበዛ ይቆርጣል። 9300 ናኖሜትር ያለው አዲሱ ዓይነት ጥርስንም ይሠራል።

ልዩነቱ ዋጋ የተከፈለበት ነው። ቴዎዶር ማይማን የመጀመሪያውን ሌዘር በ1960 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሠራ በኋላ፣ ተመራማሪዎች ያንኑ የሩቢ ሌዘር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጥርስ ላይ ሞከሩት። ጥርሱን ቢበሳውም ሙቀቱ ነርቩን የሚጎዳ ሆነ። በ1965 በዝንጀሮዎች ላይ የተደረገ ጥናት የጥርስ ውስጠኛ ክፍል ሙቀት በ5.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ሲጨምር ከጥርሶቹ የተወሰኑት ነርቫቸው እንደሚሞት አሳየ። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ኤርቢየም ያግ ሌዘር ለጠንካራ የጥርስ ክፍል እንዲውል የፈቀደው በ1997 ነው። መፍትሔ የሆነው ውኃ ነበር፤ ኤርቢየም በጥርሱ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ውኃ በቅጽበት እያፈነዳ ጥርሱን በቅንጣት ያነሳል፣ ከላይ የሚረጨው ውኃ ደግሞ ያቀዘቅዛል።

ስለዚህ ዳዮድ ብቻ ያለው ክሊኒክ «የተቦረቦረውን ጥርስ በሌዘር እንጠርግልዎታለን» ካለዎት፣ ያ መሣሪያ ይህን እንደማይሠራ ያውቃሉ።

3. ጥቅሙን ከራስዎ ሕመም ጋር ያገናዝቡ

ድድ መቁረጥና ቅርጽ ማስያዝ። ሌዘር ከሁሉ ይልቅ የሚያምርበት ሥራ ይህ ነው። እየቆረጠ ጥቃቅኖቹን የደም ሥሮች ስለሚዘጋ ደም ይቀንሳል፤ ሐኪሙ የሚሠራበትን ቦታ አጥርቶ ያያል፤ መስፋትም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ጥርሳቸውን በብሬስ የሚያሳስሩ ወጣቶች፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነውን ፌኒቶይን ወይም እንደ አምሎዲፒን ያለ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ድዳቸው አብጦ ጥርሳቸውን ሊሸፍነው ይችላል፤ ትርፉን ለመቀነስ ሌዘር ጥሩ አማራጭ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ወይም የአፍ ንጽሕና ጉድለቱ ካልተስተካከለ ድዱ ተመልሶ ያድጋል።

የጠቆረ ድድና የድድ ንቅሳት። በተፈጥሮ የጠቆረ ድድ ጤነኛ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንወለድበት መልክ ነው። ለመልክ ብለው ማቅላት ከፈለጉ፣ ሜላኒን የሚባለው ቀለም የሚቀመጠው በድዱ የላይኛው ሽፋን ውስጥ ስለሆነ ሌዘር ስስ አድርጎ ሊያነሳው ይችላል። ቀለሙ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊመለስ እንደሚችል ግን አስቀድመው ይወቁ፤ ሲጋራ ማጨስ ያፋጥነዋል።

ንቅሳት ሌላ ጉዳይ ነው። በተለይ በሰሜን ኢትዮጵያ ሴቶች ድዳቸውን በመርፌና በጥላሸት ይነቀሱ ነበር፤ ያኔ የውበት ምልክት የነበረውን ዛሬ ማስጠፋት የሚፈልጉ አሉ። የንቅሳት ቀለም ከሽፋኑ በታች ባለው ሥጋ ውስጥ ስለሚሰምጥ ከተፈጥሮ ጥቁረት ይልቅ ያስቸግራል። ጠለቅ ብሎ መሥራት ይፈልጋል፤ ከአንድ በላይ ቀጠሮ ሊወስድ ይችላል፤ ድዱ ስስ ከሆነም ሸሽቶ የጥርሱ ሥር ሊራቆት ይችላል። አንዳንዴ ከላንቃ ሥጋ ተወስዶ መተካትም ያስፈልጋል። ሐኪሙ መጀመሪያ በአንድ ወይም በሁለት ጥርስ አካባቢ ብቻ ሞክሮ፣ ድኖ ከታየ በኋላ እንዲቀጥል ይጠይቁ። የተነቀሱት ለብዙ ሰው በዋለ መርፌ ከሆነም፣ አጋጣሚውን ተጠቅመው የሄፓታይተስ ቢና የኤችአይቪ ምርመራ ቢያደርጉ ጥሩ ነው።

የተቦረቦረ ጥርስ። ኤርቢየም መሰርሰሪያው የሚያሰማውን ጩኸትና ንዝረት ያስቀራል፤ በምትኩ የሚሰማዎት ቶሎ ቶሎ የሚል የመፈንዳት ድምፅ ነው። በ2016 የወጣ የኮክሬን ግምገማ በጠቅላላው 662 ተሳታፊዎች የነበሩባቸውን 9 ጥናቶች ሲያጣራ፣ በሌዘር የተሠሩ ሰዎች የሚሰማቸው ሕመምና የሚያስፈልጋቸው ማደንዘዣ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል፤ የጥናቶቹ ጥራት ዝቅተኛ መሆኑንም አብሮ ጽፏል። መርፌ ለሚፈሩ ልጆችና አዋቂዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገደቡንም ይወቁ፦ ሥራው ከመሰርሰሪያ ይልቅ ሊዘገይ ይችላል፤ አማልጋም የሚባለው ብርማ ሙሌት በውስጡ ሜርኩሪ ስላለ በሌዘር አይነካም፤ በጥርስ ላይ የሚደፋ የብረት ክራውንም በሌዘር አይቆረጥም። ጉድጓዱ ከተጠረገ በኋላ የሚሞላውም በተለመደው መንገድ ነው።

የድድ ኪስ። ድድ ከጥርስ ተላቆ ጥልቅ ኪስ ሲፈጠርና አጥንት መሳሳት ሲጀምር፣ የሕክምናው መሠረት ጥርስን እስከ ሥሩ ማሳጠብና ማስጠረብ ነው። የአሜሪካ የድድ ሐኪሞች አካዳሚ ባለሙያዎች በ2018 ባወጡት የጋራ መግለጫ፣ ሌዘር በዚህ ላይ ሲጨመር የሚገኘው ተጨማሪ ጥቅም አነስተኛ፣ ከአንድ ሚሊሜትር በታች እንደሆነ አስፍረዋል። «ማሳጠብ አያስፈልግም፣ ሌዘሩ ይበቃል» የሚልዎትን አይስሙ።

ቀዝቃዛ ሲነካው የሚጠዘጥዝ ጥርስ። ሥሩ የተራቆተ ጥርስ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን በሌዘር በመዝጋት ወይም ነርቩን በማረጋጋት ሕመሙ ሊቀንስ ይችላል። ይሁንና በቅድሚያ የሚሞከረው ለዚሁ የተሠራ የጥርስ ሳሙና፣ የፍሎራይድ ቅባትና ለስላሳ ብሩሽ ነው። ርካሹ ካልሠራ ብቻ ወደ ውዱ ይሂዱ።

የአፍ ቁስልና ምች። በአፍ ውስጥ ለሚወጣ ተደጋጋሚ ቁስልና በከንፈር ላይ ለሚወጣው ምች ሌዘር ሕመሙን ሊያቀልል ይችላል፤ ለሁለቱም አንዳንድ ክሊኒኮች ይጠቀሙበታል። ጠንካራ ማስረጃ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው፦ ዓለም አቀፍ የካንሰር ድጋፍ ሕክምና መመሪያ፣ በጭንቅላትና በአንገት ላይ ጨረር ለሚወስዱ ሕሙማን አፋቸው እንዳይላጥ አነስተኛ ኃይል ያለው ሌዘር እንዲሰጣቸው ይመክራል። ከቤተሰብዎ ጨረር የሚጀምር ሰው ካለ፣ ከመጀመሩ በፊት ስለዚሁ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ጥርስ ማንጣት። እዚህ ላይ ሥራውን የሚሠራው በጥርሱ ላይ የሚቀባው የፐርኦክሳይድ ጄል ነው፤ ብርሃኑ የሚጨምረው ዘላቂ ጥቅም ጥቂት ነው። ከስምጥ ሸለቆ የመጡ ሰዎች ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ወንጂና አካባቢው የመሰሉ ቦታዎች ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበር የብዙዎች ጥርስ በቡናማ ቀለም ተጠቅቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የፍሎራይድ ወሰን ብሎ የሚያስቀምጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ያ ቀለም በጥርሱ ውስጥ ስለሆነ ማንጣት ብቻውን አያጠፋውም፤ ሽፋኑን በስሱ መፋቅ ወይም በሙሌት ወይም ቬኒየር በሚባል ስስ ሽፋን መሸፈን ይሻላል።

የሕፃናት ምላስ መታሰር። ምላስን ከሥሩ የሚይዘው ክር አጭር ሆኖ ሕፃኑ ጡት መጥባት ከተቸገረ፣ መቁረጥ ይረዳው ይሆናል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ከሁሉ በፊት ጡት አጠባቡ በባለሙያ እንዲታይ ይመክራል፤ ሌዘር ከመቀስ እንደሚበልጥም ማስረጃ የለም። በሌላ በኩል ቤት ውስጥ በምላጭ መቁረጥ፣ እንጥል ማስቆረጥም ሆነ የጥርስ እንቡጥ ማስነቀል ደም ማፍሰስንና ኢንፌክሽንን ያስከትላሉ፤ ልጅዎን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ።

4. ስለ ራስዎ ምንም ሳይደብቁ ይናገሩ

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ስም ወይም ጥቅሉን ይዘው ይሂዱ። ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች፣ ስኳር፣ እርግዝና፣ ቀደም ያለ የአፍ ካንሰር፣ ብርሃን ሲነካው ቆዳን የሚያስቆጣ መድኃኒት፣ ሁሉም መነገር አለባቸው። ደም ማቅጠኛ ቢወስዱ በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ። ሌዘር ደም ቢቀንስም ማቆም አለማቆምዎን የሚወስነው ያዘዘልዎት ሐኪም ነው። የልብ ምት ማስተካከያ ያለዎት ከሆነም ይንገሩ፤ በሰውነት ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉ የመቁረጫ መሣሪያዎችን ማስቀረት ሲያስፈልግ ሌዘር ብዙ ጊዜ አማራጭ ይሆናል።

5. ዋጋውንና ሌላውን መንገድ አብረው ይጠይቁ

«ያለ ሌዘር ቢሠራስ ውጤቱ ምን ይመስላል? ዋጋው ስንት ነው? ስንት ቀጠሮ ይወስዳል? ካልዳነ ማን ይከፍላል?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ጥሩ ሐኪም ይህን ሲጠየቅ አይቆጣም። ስለ ሥልጠናውም ይጠይቁ፦ በዚህ መሣሪያ ላይ የሠለጠነው የት ነው? ይህን ሕክምና ስንት ጊዜ ሠርቷል?

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች ይህን ይጨምሩ። የጥርስ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ለተሠራው ሕክምና እንጂ ለተጠቀሙበት መሣሪያ ስላልሆነ፣ ለሌዘር ተብሎ የሚጠየቅ ተጨማሪ ክፍያ ካለ አስቀድመው በጽሑፍ ይወቁ። በአገሪቱ አካዳሚ ኦፍ ሌዘር ደንቲስትሪ የሚባል ማኅበር ለሐኪሞች የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል፤ ሐኪምዎ እንዳለው መጠየቅ ይችላሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ የክሊኒኩን ፈቃድ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እንዳለ ይመልከቱ፤ መሣሪያው መመዝገቡንም ይጠይቁ። የሕክምና መሣሪያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

6. ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ይህን ይመልከቱ

ቀዶ ጥገና የሚሠሩ የጥርስ ሌዘሮች ከፍተኛው የአደጋ ደረጃ፣ ማለትም ደረጃ 4 ውስጥ ይመደባሉ። ቀጥተኛውም ሆነ ከብረት ላይ ነጥሮ የሚመጣው ጨረር ዓይን ሊጎዳ ይችላል። ዳዮድና ኒዮዲሚየም እስከ ሬቲና ይደርሳሉ፤ ኤርቢየምና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የዓይኑን ፊት ያቃጥላሉ። ስለዚህ ሐኪሙ እግሩን በሌዘሩ መርገጫ ላይ ከማሳረፉ በፊት፦

ዓይንዎ ላይ መነጽር ይደረግልዎት። ሐኪሙም ረዳቱም፣ ልጅዎን ይዘው ገብተው ከሆነ እርስዎም ያድርጉ። በመነጽሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ከሌዘሩ የሞገድ ርዝመት ጋር መስማማት አለበት፤ ማንኛውም ባለቀለም መነጽር አይሠራም።

በሩ ላይ ሌዘር እየተሠራ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ይኑር፤ በሥራው መካከል ሰው አይግባ።

የሚነሳውን ጭስ የሚስብ መምጠጫ ከአፍዎ አጠገብ ይኑር። ከተቃጠለ ሥጋ የሚወጣው ጭስ ቫይረስ ሊይዝ ስለሚችል ሠራተኞቹም ጭንብል ያድርጉ።

የሌዘሩ ጫፍ አዲስ ወይም በደንብ የጸዳ ይሁን፤ ከታሸገበት ሲወጣ ለማየት ይጠይቁ።

ጥርስ ሲቆረጥ ውኃ ይረጭ፤ ውኃው ከቆመ ይንገሩ።

«ሕመም የለውም» ብለው ያበረታቱዎት ቢሆንም፣ ሕመም ከተሰማዎት እጅዎን ያንሱ። ሌዘርም ሆኖ ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ይችላል፤ መጠየቁም አያሳፍርም።

7. ቤት ሲመለሱ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ወሳኝ ናቸው። ትኩስ ወጥ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚ፣ አልኮልና ሲጋራ ይተዉ። አጥሚት፣ የቀዘቀዘ ገንፎ፣ እርጎና ሙዝ ይሻላሉ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ቁስሉን ስለሚፍቁ እስኪድን ይቆዩ። ማደንዘዣ ከተሰጠዎት እስኪለቅዎት ድረስ ከንፈርዎንና ምላስዎን እንዳይነክሱ ይጠንቀቁ፤ ልጆችን በተለይ።

ከማግስቱ ጀምሮ ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተው፣ በኃይል ሳይሆን ቀስ ብለው ይጉመጥመጡ። የቀረውን ጥርስ በለስላሳ ብሩሽ መቦረሽ አያቋርጡ፤ መፋቂያን ግን ከቁስሉ ያርቁ። ለሕመም የሚሆነውን መድኃኒት ሐኪሙ እንዳዘዘው ይውሰዱ።

ቁስሉ ላይ ነጭ ወይም ቢጫማ ስስ ሽፋን ሲያዩ አይደናገጡ፤ አይፋቁት። ሌዘር ያለፈበት ሥጋ የሚድነው በዚህ ሽፋን ሥር ነው። ቀላል መቆጥቆጥም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀንሳል። የሕፃን ምላስ ክር ከተቆረጠ፣ ሐኪሙ የነገረዎትን እንቅስቃሴ ብቻ ያሠሩ።

በንጹሕ ፋሻ ለሃያ ደቂቃ ተጭነው ያልቆመ ደም፣ እየጨመረ የሚሄድ ሕመምና እብጠት፣ ትኩሳት፣ መግል፣ ወይም ከሕክምናው በኋላ የዓይን ማቃጠልና ብዥታ ካለ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ወደ ክሊኒኩ ሲሄዱ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጽፈው ይያዙ፦

ምን ሆኜ ነው፣ በምንስ አረጋገጣችሁ?
የምትጠቀሙት የትኛውን ሌዘር ነው፣ ለኔ ሕመም የተመረጠውስ ለምንድን ነው?
ያለ ሌዘር ቢሠራ ልዩነቱ ምንድን ነው?
ማን ነው የሚሠራው፣ የት ነው የሠለጠነው?
ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው፣ ካልዳነስ?

ለአምስቱም በግልጽ ቃል መልስ የሚሰጥ ሐኪም ካገኙ፣ በሌዘርም ይሥራልዎ ያለ ሌዘር፣ ጥርስዎ በአስተማማኝ እጅ ነው። መልሱ «ዘመናዊ ስለሆነ ነው» ከሚል ካላለፈ ግን፣ ጊዜ ወስደው ሌላ ሐኪም ማማከር መብትዎ ነው።